ጀሚናይን ለመስሪያ ቤታችሁ ስትከፍቱ የአድሚን ሴቲንጉ እንዴት ነው የሚስተካከለው

ድሬ ላይ የትራንዚት ቢሮ ወይ የአስመጪነት ስራ ወይ የጅምላ መደብር ኖሯችሁ ኢሜይላችሁ በጎግል ዎርክስፔስ (ጎግል ለድርጅት በሚሸጠው የኢሜይልና የፋይል አገልግሎት) ከሆነ ጀሚናይ የሚባለው ኤአይ እጃችሁ ላይ እንዳለ ላታውቁ ትችላላችሁ። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ ጎግል ለብቻው መሸጡን ትቶ ከቢዝነስ ፓኬጆቹ ጋር አንድ ላይ አደረገው፣ ስለዚህ ማንም ሳያማክራችሁ ጂሜይሉ ላይ ያቺ ኮከብ የምትመስል ምልክት ብቅ ብላ ሰራተኞቻችሁ ሲጫኗት ከርመው ይሆናል። ነገሩ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ ከጅቡቲ ወኪል የመጣ አስራ ምናምን ጊዜ የተመላለሰ ኢሜይል በሶስት መስመር አሳጥሮ ይነግራችኋል፣ ለደንበኛ የሚላክ ደብዳቤ ያረቅላችኋል። ግን ማን ምን እንደሚያይ ሳትወስኑ ክፍት መሆኑ ነው ጣጣው።

ከሁሉም በፊት ይቺን ያዙልኝ። ጀሚናይ የሚያየው የጠየቀው ሰው ማየት የሚችለውን ብቻ ነው፣ የተቆለፈ ፋይል አይከፍትም። ድሬ ታይዋን ገበያ እንዳለ ደላላ አስቡት፣ የማንም ሱቅ ቁልፍ የለውም፣ ግን የቱ በር ገርበብ ብሎ እንደተተወ ከባለቤቱ በላይ ያውቃል። ድሮ ፋይል ክፍት ሆኖ ቢረሳም ፈልጎ የሚያገኘው ሰው አልነበረም፣ አሁን አንድ ጥያቄ ይበቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ግማሹ ስለ ኤአይ ሳይሆን ስለ ፋይል ነው፣ አትሰልቹ።

ሜኑው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ እንደሚነበበው እጽፈዋለሁ። ጎግል ደግሞ የሜኑ ቦታ መቀያየር ይወዳል፣ የጠራሁት ነገር ካልታያችሁ ከላይ ባለው መፈለጊያ ላይ ስሙን ጻፉት።

1. መጀመሪያ አድሚኑ (አካውንቶቹን የሚያስተዳድረው) ማን እንደሆነ እወቁ

ኮምፒውተር ላይ አድሚን ነጥብ ጎግል ነጥብ ኮም ብላችሁ ግቡ። በመስሪያ ቤቱ ኢሜይል ገብታችሁ "አድሚን አይደለህም" ካላችሁ ስራው ከዚህ ይጀምራል። የብዙ ቢሮ ታሪክ አንድ አይነት ነው፣ ኢሜይሉን የዘረጋው የባለቤቱ የእህት ልጅ ነው፣ ልጁ አሁን አዲስ አበባ ነው ወይ ውጭ ወጥቷል፣ ሱፐር አድሚኑም (ሙሉ ስልጣን ያለው አካውንት) በሱ የግል ስልክ ነው የተያዘው። ደውሉለትና ስልጣኑን ያስተላልፍ። ካልተገኘ ዶሜኑ (ኢሜይላችሁ ላይ ከ@ በኋላ ያለው ስም) የእናንተ መሆኑን በማረጋገጥ የማስመለሻ መንገድ አለ፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይቻላል።

ሱፐር አድሚን ሁለት ሰው ይሁን፣ አንድ ብቻ ከሆነ ስልኩ የጠፋ ቀን ቢሮው ይቆማል። አምስት ከሆነ ደግሞ አድሚን የለም ማለት ነው። ሁለቱም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ፣ ኮዱ በኤስኤምኤስ ሳይሆን ስልኩ ራሱ ኮድ በሚያወጣበት ኦተንቲኬተር አፕ ቢሆን ይሻላል፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ኤስኤምኤስ ስትጠብቁ አትዋሉ። ስልክ ሲጠፋ የሚያስገቡትን ባካፕ ኮዶች ፕሪንት አድርጋችሁ ገንዘብ ያዧ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ።

2. የቢሮው ፋይል የሚቀመጥበትን ጎግል ድራይቭ አጽዱ (እዚህ ጋ አትቸኩሉ)

ማንኛውንም የኤአይ ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ተነሱና መጋዘን ወይ እንግዳ መቀበያ ያለው ሰራተኛ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በሉ፣ እሱም አጠገባችሁ ይሁን። ድራይቩን ክፈቱና መፈለጊያው ላይ "ደመወዝ" ብላችሁ ጻፉ። ከዛ "ፔሮል"፣ በእንግሊዝኛ ፊደልም ሞክሩት። ከዛ "ፓስወርድ"፣ "ፓስፖርት"፣ "ቲን"፣ "ውል"። "የመጋቢት ደመወዝ ፋይናል ፋይናል" የምትል ፋይል ዱብ ካለች፣ በቃ፣ ነገ ልጁ ጀሚናይን "እዚህ ቤት ማን ስንት ነው የሚበላው" ቢለው መልሱን ያገኛል ማለት ነው።

እንዴት እዛ ደረሰች? ሂሳብ ሹሙ ፋይሏን ለባለቤቱ ሊያሳይ ፈልጎ "ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል" የሚለውን አድርጎ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፋት፣ ሁሉም ነካ አድርጎ አየና ረሳት። አንዴ የተከፈተች ሊንክ ግን የከፈታት ሰው ድራይቭ ውስጥ "ሼርድ ዊዝ ሚ" ላይ ትቀመጣለች፣ ፍለጋም ላይ ትወጣለች። መልዕክቱን ቴሌግራም ላይ ማጥፋት ምንም አይለውጥም።

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ብዛቱ ነው የሚያደክመው። ፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ ሼር፣ ከታች "ጄኔራል አክሰስ" የሚለው ጋ "ሪስትሪክትድ" አድርጉ፣ ከላይ ደግሞ ስማቸው የተዘረዘሩትን አንድ በአንድ አይታችሁ የማይመለከተውን አስወጡ። ፎልደር ላይ ስታደርጉት ውስጡ ያሉትንም ስለሚነካ ከፎልደር ጀምሩ፣ ሆኖም አንዳንድ ፋይል ለብቻው ሼር ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል ፎልደሩን ዘግቻለሁ ብላችሁ አትተኙ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ እዛው መጋዘን ሰራተኛው ኮምፒውተር ጋ ተመልሳችሁ ፈልጉ።

ከዛ አድሚን ኮንሶሉ (መጀመሪያ የገባችሁበት የአድሚን ገጽ) ላይ አፕስ፣ ጎግል ዎርክስፔስ፣ ድራይቭ ኤንድ ዶክስ፣ ሼሪንግ ሴቲንግስ ግቡና አዲስ ፋይል ሲፈጠር በራሱ ለባለቤቱ ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ይሄ ከዛሬ በኋላ ለሚፈጠረው ነው የሚሰራው፣ የድሮው የድሮ ነው፣ በእጅ ነው የሚጸዳው።

ባለቤቱን "ጋሼ፣ ይሄ ለሁሉም ክፍት ነው" ስትሏቸው "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን አቦ፣ ምን እንዳይታይ ነው" ሊሏችሁ ይችላሉ። አትከራከሩ። የራሳቸውን የባንክ ስቴትመንት ከዘበኛው ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አሳዩዋቸው። የደንበኛ ነገር ሲሆን ደግሞ ከቤተሰብ ይወጣል፣ የትራንዚት ቢሮ ድራይቭ የሰው ፓስፖርት፣ የንግድ ፈቃድና ኢንቮይስ የሞላበት ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ መያዝ ኃላፊነት አለበት።

3. ሰራተኛውን በክፍል ለዩ

እዛው አድሚን ኮንሶል ላይ ዳይሬክቶሪ፣ ከዛ ኦርጋናይዜሽናል ዩኒትስ (ሰራተኛ በክፍል የሚመደብበት)። ለድሬ ቢሮ ሶስት አራት ይበቃል፦ ሂሳብ፣ ትራንዚት፣ ሽያጭ፣ ሌላው። ሐረር ቅርንጫፍ ካላችሁ ለብቻው ዩኒት አያስፈልገውም፣ ሐረር ያለችው ሂሳብ ሰራተኛ ከድሬው ሂሳብ ጋር ትሁን፣ በከተማ ሳይሆን በስራ ነው የሚለየው። አንድ ተጨማሪ "ሙከራ" የሚል ዩኒት ፍጠሩና ነገር ቶሎ የሚገባቸውንና ደፍረው የሚጠይቁ ሁለት ሶስት ሰዎች እዛ አስገቡ።

4. አሁን ክፈቱት

በግራ በኩል "ጀነሬቲቭ ኤአይ" የሚል አለ። እሱ ውስጥ ሁለት ነገር ታያላችሁ፣ ሰው የሚምታታውም እዚህ ነው። "ጀሚናይ አፕ" የሚለው ለብቻው የሚከፈተው የጫት ሳጥኑ ነው፣ ኧረ የቻት ሳጥኑ፣ ድሬ ሆኖ ሲጻፍ እጅ ይሳሳታል። ሌላው ጂሜይልና ዶክስ ውስጥ በጎን በኩል የሚወጣው ነው። አንዱን ስታጠፉ ሌላው አይጠፋም፣ ሁለቱንም ለየብቻ ማየት አለባችሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው፣ ከላይ ያለውን ዋናውን ዩኒት መርጣችሁ ኦፍ፣ ሴቭ። ከዛ "ሙከራ" የሚለውን ዩኒት መርጣችሁ ኦን፣ "ኦቨርራይድ" የሚለውን ጫኑ፣ ካልጫናችሁት ከላይ ያለውን ይወርሳል። ለውጡ እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ከሰዓት በኋላ ቀይራችሁ ወዲያው "አልሰራም" ብላችሁ መልሳችሁ አታተራምሱት፣ ጠዋት እዩት።

እንደውም ጭራሽ ለሁሉም አጥፍቼው ልገላገል የሚል አለ። አልመክርም። ሰራተኛው ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው፣ ቢሮው ከከለከለው የደንበኛውን ኢንቮይስ ፎቶ አንስቶ በግል ጂሜይሉ በነጻው ቻት ላይ ነው የሚለጥፈው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ በዎርክስፔስ አካውንት የምታስገቡትን ጎግል ያለ ፈቃዳችሁ ከድርጅታችሁ ውጭ ሞዴል ለማሰልጠን አልጠቀምበትም ይላል፣ በነጻው የግል አካውንት ግን ንግግሩን ሰው ሊያየውና ለማሻሻያ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ለሚያስፈልገው ክፍል ከፍታችሁ "በዚህ ተጠቀም፣ በግልህ አታድርግ" ማለት ነው የሚያዋጣው።

እዛው ጀሚናይ አፕ ውስጥ የንግግር ታሪክ የሚቀመጥበት ሴቲንግ አለ፣ 3 ወር፣ 18 ወር ወይ 36 ወር። እኔ 3 ወር እላለሁ፣ የጉምሩክ ሰነድ በስርዓት ድራይቭ ላይ ነው መቀመጥ ያለበት እንጂ ቻት ውስጥ አይደለም።

5. ለሌላው ከመክፈታችሁ በፊት በራሳችሁ ስራ ፈትኑት

ጎግል ያዘጋጀው ማሳያ ላይ ሁሉም ያምራል። እናንተ የራሳችሁን ስጡት። ለምሳሌ "ኮንቴይነሩ መስከረም 5 ይደርሳል" የሚል የአማርኛ ኢሜይል ስጡትና ለጅቡቲ ወኪል በእንግሊዝኛ አዘጋጅ በሉት። ሴፕቴምበር 5 ብሎ ከጻፈ አስር ቀን በላችሁ ማለት ነው፣ መስከረም 5 ቀን 2018 በነሱ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ነው። አስር ቀን ተሳስቶ የደረሰ መልዕክት ዲመሬጅ (ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚከፈል ቅጣት) እንደሚያመጣ ለትራንዚተር አይነገርም። ሰዓትም እንደዛው፣ "ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ያላችሁትን በፈረንጆቹ ሌሊት 3 (3 AM) አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ የኛ 3 የነሱ 9 ነው። ሴቲንግ ላይ ይሄን የሚያስተካክል ቁልፍ የለም፣ መፍትሄው የቤት ህግ ነው፦ ቀን ያለበት ማንኛውም ጽሁፍ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍበት፣ ሰው አይቶት ይላክ።

የኤችኤስ ኮድ (የዕቃ አይነት የሚለይበት የጉምሩክ ቁጥር) ጠይቁትና በድፍረት አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። የመጀመሪያዎቹ 6 ዲጂቶች አለም አቀፍ ናቸው፣ ከዛ ወዲያ ያሉት በየአገሩ ይለያያሉ፣ ስለዚህ የታሪፍ መጽሐፉ ሳይታይ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ እንዳይገባ። ሙከራ ላይ ያሉት ልጆች የት የት እንደተሳሳተ በአንድ ሺት ላይ ይመዝግቡ፣ ለሌላው ሰራተኛ ስትከፍቱ ስልጠናችሁ ያ ሺት ነው፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የተቀላቀለበትን የደንበኛ መልዕክትም አስሞክሯቸው፣ ድሬ ላይ ንጹህ በአንድ ቋንቋ የሚጽፍ ደንበኛ ማግኘት ከባድ ነው።

6. ከውጭ የሚመጣ ኢሜይል

ኢሜይል ውስጥ ለሰው የማይታይ፣ ለኤአይ ግን የሚነበብ ጽሁፍ መደበቅ ይቻላል፣ ነጭ ላይ በነጭ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጀሚናይ ኢሜይሉን አሳጥሮ በሚሰጣችሁ ማጠቃለያ ላይ "አካውንት ተቀይሯል፣ በዚህ ስልክ ደውሉ" የሚል ከወጣ ዋናውን ኢሜይል ክፈቱ፣ እሱም ላይ ቢኖር ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ለአቅራቢው ሳትደውሉ ገንዘብ አይላክ። ይሄን ለገንዘብ ያዧ በቃል ንገሯት፣ በኢሜይል አትላኩላት፣ ኢሜይል ይረሳል።

7. ሰው ሲለቅ

ሰራተኛ በለቀቀበት ቀን አካውንቱን ሰስፔንድ (ለጊዜው ማገድ) አድርጉ፣ ዲሊት አይደለም። ዲሊት ስታደርጉ የድራይቭ ፋይሎቹን ለማን እንደምታስተላልፉ ይጠይቃችኋል፣ ሳታዩ ካለፋችሁት ደንበኛ የላከው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ የጠፋ አካውንት መመለስ የሚቻለውም በ20 ቀን ውስጥ ነው። ፋይሎቹን ለተተኪው አስተላልፋችሁ፣ ተተኪው ዩኒቱ ውስጥ መግባቱን አይታችሁ፣ ከዛ አጥፉት፣ ላይሰንሱም ለአዲሱ ሰው ይለቀቃል።