መሳሪያ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ፦ ለአእምሮ ጤና ባልደረቦቼ

ፒያሳ አካባቢ ባለ ክሊኒክ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ታካሚው እጁ የሚገባ የጦር መሳሪያ እንዳለ ልክ እንደ እንቅልፍና እንደ ምግብ ፍላጎት ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ታካሚው እስኪቆጣ ጠብቃችሁ ከጠየቃችሁ ጥያቄው ክስ ይመስለዋል።

"የከተማ ሰው ምን መሳሪያ አለው?" ብላችሁ አትለፉት። የባንክና የወርቅ ቤት ጥበቃዎች ይታከማሉ። ሕመሙ ሲጠናበት ክፍለ ሀገር ቤተሰቡ ጋ የሚሄድም አለ፤ እዚያ ደግሞ የአባት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሆናል። ስለዚህ የት እንደሚያድርም ጠይቁ።

እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቀው። ቤትም ሆነ ሥራ ቦታ እጅዎ የሚገባ መሳሪያ አለ?" አለ ካሉኝ፦ "ጥይት ጎርሶ ነው የሚቀመጠው? ከፈረቃ ሲወጡ ያስረክባሉ ወይስ ይዘውት ያድራሉ?" ፈቃድ አለው ወይ ብላችሁ አትጀምሩ። የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁን (ቁጥር 1177/2012) የሚያስፈጽም ሌላ አካል አለ፤ ታካሚው እንደ መርማሪ ካያችሁ ዝም ይላል።

ሰው ይጎዳ እንደሆነ የበሽታው ስም ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። አብዛኛው የአእምሮ ሕመምተኛ ማንንም አይጎዳም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚደርስበት እሱ ነው። ይልቅ እነዚህን አጣሩ፦ ከዚህ በፊት ሰው መትቶ ያውቃል? አረቄና ጫት አብዝቷል? መድኃኒት አቋርጧል? "ያሳድደኛል" የሚለው ሰው ስም አለው? ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማ "ምን ይልዎታል? ያዘዘዎትን አድርገው ያውቃሉ?" በሉ። ሊጎዳው ያሰበው ሰው ታውቆ፣ ሐሳቡ ቆርጦ፣ መሳሪያውም በእጁ ከሆነ ብቻውን አይውጣ። ሐኪም ጥሩ፣ አስታማሚውን አስገቡ፣ በዚያው ቀን ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ላኩት።

ስለ ራሱም ሞት በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም። የአሜሪካ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በመሳሪያ ራሳቸውን ለመግደል ከሚሞክሩ 10 ሰዎች ወደ 9 የሚጠጉት ይሞታሉ። የመሞት ፍላጎቱ ግን ብዙ ጊዜ በሰዓታት ይበርዳል። እነዚያን ሰዓታት መሳሪያው ከእጁ ርቆ እንዲያልፋቸው ነው ልፋታችን።

ቤተሰቡን "ቀሙት" አትበሉ፤ ክብሩ ይነካል። "እስኪሻልዎ ድረስ ከእጅዎ ይራቅ፣ ማንን ያምናሉ?" ብላችሁ እሱው ይምረጥ። ለዚያ ሰው መያዝ ሕጉ ካልፈቀደለት ፖሊስ ጣቢያ ያማክሩ። ለጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ፣ ከተስማማ፣ የበሽታው ስም ያልተጠቀሰበት "ለጊዜው ያለ መሳሪያ ይመደብ" የሚል ደብዳቤ አጽፉለት። እንጀራው እንዳይቋረጥ ስለሚፈራ፣ ይሄ ደብዳቤ ብዙ ያግባባል።

መሳሪያው ማን ጋ እንዳለ ካርዱ ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና ጠይቁ።