ጸበል ልሄድ ብዬ ወጣሁ፦ ከሚመታሽ ሰው ቤት እንዴት ይወጣል?

ይህን የምታነቢው እሱ በሚከፍተው ስልክ ላይ ከሆነ አሁኑኑ ዝጊውና ሂስትሪውን አጥፊ። የምታምኛት ሰው ስልክ ላይ አንብቢው። ጽሑፉ የትም አይሄድም።

እኔ ሁለቴ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያው ከሸፈ፣ ሁለተኛው ተሳካ። በመካከሉ አንድ ዓመት ከአራት ወር ባከነ፣ ምክንያቱም የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አላውቅም ነበር። የምኖረው ሰሜን ሸዋ ነው፣ የምጽፈውም የእዚህን ነው። አዲስ አበባ ላለችው አንዳንዱ ይቀላል፣ መንዝ ገጠር ላለችው ደግሞ ይከብዳል።

አሁን እየተመታሽ ከሆነ ዕቅድ የሚባል ነገር የለም። ውጪ። ወጥ ቤት እንዳትገቢ፣ ቢላውም ፍልጡም እዚያ ነው። በር ወዳለበት ሂጂና ኡኡ በይ። ልጆች ካሉሽ አንድ የሚስጥር ቃል አስተምሪያቸው። የኔ ልጅ ጎረቤት ሮጣ «እማዬ ወንፊት አውሺኝ ብላለች» ካለች ሰው ይዛችሁ ኑ ማለት ነበር። አንዴ ሠርቷል።

አንገትሽን ይዞ ካነቀሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምልክት ባይታይም፣ ድምፅሽ ከሻከረ ወይም ምራቅ መዋጥ ካመመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ይይሽ። ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። ያነቀ ሰው ደግሞ ወደ መግደል የተጠጋ ሰው ነው። እዚህ ላይ «እስኪ ልታገሠው» አይሠራም።

አንደኛ፣ አንድ ሰው ምረጪ። አንድ ብቻ። ዘመድ ባይሆን እመርጣለሁ። ዘመድ ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይናገራል። እኔ የመረጥኳት መንገድ ዳር እንጀራ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንጂ ሌላ አውርተን አናውቅም። ነገሩን ስነግራት «የት ላስቀምጠው?» ብቻ አለችኝ። ስለ ፌስታሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ፌስታሉ። መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ የምትወስጅው መድኃኒት ካለ እሱም፣ ትርፍ ቁልፍ፣ የመንገድ ገንዘብ። ባንዴ አታውጪው። እኔ ሰኞና ሐሙስ እንጀራ ልገዛ ስሄድ አንድ አንድ እያልኩ በመሶብ ጨርቅ ጠቅልዬ አወጣሁ። ሻንጣ የሚባል ነገር እርሺው፣ ሻንጣ ይናገራል።

የገጠር ሴቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ የመሬት ደብተሩን ነው። በእኛ በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይሰፍራል። መዝገቡ ደግሞ ወረዳ መሬት አስተዳደር አለ። ደብተሩ ቤት ቢቀር መብትሽ አብሮ አይቀርም። ለደብተር ብለሽ እንዳትመለሺ።

ሦስተኛ፣ ስልክ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ዲቫይስ» የሚለውን እዪ፣ የማታውቂው ስልክ ካለ አስወጪው። ይህን ግን ለመውጫሽ ሰሞን አቆዪው፣ ቀድመሽ ካደረግሽው ይነቃል። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርም እንደዚያው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ መስመር 7711 ነው። ለሴቶች መብት የሚሠራው የሴታዊት «አለኝታ» መስመር ደግሞ 6388። ሁለቱንም በሰው ስልክ ሞክሪያቸውና በጭንቅላትሽ ያዢያቸው፣ አራት አራት አኃዝ ናቸው። ለተጎዱ ሴቶች የሚሆን መጠለያ የሚፈለገውም በዚህ መንገድ ወይም በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። አድራሻው በግልጽ አይነገርም፣ ስለዚህ በእግርሽ ፈልገሽ አታገኚውም።

አራተኛ፣ ወረቀት። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንወድቀው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ጠይቂ። ለጤና ተቋም የሚሆን ደብዳቤ ይጻፍልሻል፣ ሐኪሙ ያየውን ጉዳት መዝግቦ ይመልሳል። ደም እየፈሰሰሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሕክምና፣ ደብዳቤው ይደርሳል። ዋናው ቁም ነገር ቀኑ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ የሄድኩት ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ብልዙ ጠፍቷል። ካርዱ ላይ የተጻፈው «ሕመም እንደሚሰማት ትናገራለች» የሚል ብቻ ሆነ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ካርዶች ደግሞ ይብሱ ነበር፣ «ምን ሆንሽ?» ስባል «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» ብያለሁ። ቤታችን ደረጃ የለውም። ኋላ ጉዳዬ ሲታይ እነዚያው ካርዶች መጡብኝ። እና እባክሽን ወደቅሁ አትበይ። ማን፣ በምን፣ መቼ እንደመታሽ ተናገሪ፣ እንዲጻፍም ጠይቂ። ፎቶም አንሺ፦ አንድ ከፊትሽ ጋር፣ አንድ ከቅርብ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ሳንቲም አድርገሽ። ለመረጥሻት ሰው ላኪውና ከስልክሽ አጥፊው።

በግድ ግንኙነት ከተፈጸመብሽ ሳትታጠቢ፣ ልብስሽንም ሳታጥቢ ሂጂ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት፣ ሁለቱም ቢፈጥኑ ይሻላል። የወንጀል ሕጋችን ባል በሚስቱ ላይ ሲያደርገው አስገድዶ መድፈር አይለውም። ያናድዳል። መድኃኒቱ ግን «ባልሽ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሽማግሌ እንምጣ። ከሁሉም ያደከመኝ ይሄ ነው።

እኛ አገር ኩርፊያ የታወቀ መንገድ አለው። ሴቷ ልጇን አዝላ ወንድሟ ቤት ትገባለች፣ ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ይላካል፣ ባል ይገሠጻል፣ እሷ ትመለሳለች። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱም ያውቀዋል። ስለዚህ ኩርፊያ እሱን አያስደነግጠውም፣ ቀን ይቆጥርበታል እንጂ።

እኔም እንደ ደንቡ ወንድሜ ቤት ገባሁ። ውሎ አድሮ አራት ሽማግሌዎች መጡ፣ እሱ ከኋላ ድንጋይ ተሸክሞ። እግሬ ላይ ሲወድቅ መላው ቤት አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። «ፖሊስ ጋ ያለውን ነገር አንሺውና ግቢ» ተባልኩ። አነሣሁት። ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁን፣ ሄዱ። ማታ ከሱ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። ለሁለት ወር ያህል ደህና ነበር። ከዚያ «በሽማግሌ ፊት ያዋረድሽኝ» የሚል አዲስ ምክንያት ተጨመረ።

ሽማግሌ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ንብረት በማካፈል፣ ከብት በማስመለስ፣ ልጆች በየትኛው ቀን የት ይዋሉ በሚለው ላይ ከፍርድ ቤት ይፈጥናሉ፣ ይሰማሉም። የማይችሉት አንድ ነገር ነው፦ ማታ ከአልጋሽ ጎን ቁጭ ብለው ሊጠብቁሽ አይችሉም። ስለዚህ መጥተው ከተቀመጡ ሦስት ነገር ያዢ። እሱ ቤት ወይም የሱ ዘመድ ቤት አይሁን። የተባለው ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፣ ቅጂው አንቺ ጋ ይቅር። ሦስተኛው፣ የፖሊስ አቤቱታሽን አታንሺ። «ዕርቁ ይቅደም፣ አቤቱታው እዚያው ይቆይ፣ ካልመታኝ ምን ይጎዳዋል?» በያቸው። ቀላል የአካል ጉዳት በተበዳይ አቤቱታ የሚያስከስስ ስለሆነ አንቺ ስታነሺው ነገሩ ያልቃል። ከባድ ጉዳት ግን የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ በዕርቅ አይዘጋም። ንስሐ አባትሽም ቢሆኑ በአክብሮት እንዲሁ ይነገራቸው። «አባቴ፣ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ግን አብሬው አላድርም» ማለት ይቻላል። እኔ ብያለሁ። ዝም አሉ፣ ከዚያ መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

አምስተኛ፣ የመውጫ ቀን። አደጋው የሚብሰው ልትወጪ ስትይና በወጣሽ ሰሞን ነው፣ ስለዚህ እየዛትሽ አትውጪ። «ትቼህ እሄዳለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከአፍሽ እንዳታወጪው። ማንም የማይጠራጠረው ምክንያት ያስፈልግሻል። እኔ ጻድቃኔ ማርያም ሰባት ቀን ሱባኤ ልግባ አልኩ። ጸበል እሄዳለሁ ያለችን ሴት የሚከለክል የለም፣ እናቱ እንኳ ዳቦ ቆሎ አስያዘችኝ። እውነትም ሄጄ ተጠመቅሁ፣ ልጄንም ይዣለሁ። የተመለስኩት ግን ወደ ሌላ ከተማ ነው። በስምንተኛው ቀን እሱ መናኸሪያ ቆሞ ሲጠብቅ እኔ የኪራይ ቤት ወለል እየጠረግሁ ነበር። አሁን እዚህ ስለጻፍኩት የኔን አትድገሙት፣ የየራሳችሁን ፈልጉ፦ ልቅሶ፣ ክርስትና፣ የልጅ ክትባት።

ጠዋት ውጪ። ማታ ባጃጅም አይገኝ፣ የደብረ ብርሃን ብርድም ልጅ ይዘሽ የሚቀለድበት አይደለም። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ሁለተኛ ማደሪያ እዚያው ከተማ ውስጥ ያዢ።

ስድስተኛና ሰባተኛ አንድ ላይ፦ ክስና ፍቺ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጉዳት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ ይናገራል። «የቤታችሁ ጉዳይ ነው፣ ተስማሙ» የሚል ካጋጠመሽ (ያጋጥምሻል) ቁጥሩን ጥሪለት። ካልሰማ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሂጂ። ፍቺ በአንድ ወገን ጥያቄም ይቀርባል፣ የሱ ፈቃድ አያስፈልግም። ማመልከቻው ላይ ጉዳዩ እስኪያልቅ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት ትእዛዝ ይሰጠኝ የሚል ይኑርበት፣ አለዚያ ሲሸጥ ትደርሻለሽ። ራፖር ጸሐፊ ብር አስከፍሎ የማይረባ ነገር ሊጽፍልሽ ይችላል። ከሱ በፊት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ። ደግሞ ቢታሰርም በዋስ ቶሎ ሊወጣ እንደሚችል እወቂ። ለመርማሪው ስልክሽን ተዪና «ስትለቁት ደውሉልኝ» በይ። እኔ ይህን አላልኩም፣ ገበያ ላይ ነው ያየሁት፣ ሽንኩርት እየመረጠ።

ከወጣሽ በኋላ የገበያ ቀንሽን ቀይሪ፣ የምትሳለሚውን ደብርም። የልጅሽን ትምህርት ቤት ማን ብቻ እንደሚወስዳት በጽሑፍ አሳውቂ፣ በቃል የተነገረ ይረሳል። አከራይሽ ቁልፉን አልቀይርም ካለ የራስሽን ጓጉንቸር ግዢና ከውስጥ ጨምሪ። የኔ እስካሁን በሩ ላይ አለ።