ከአዳማ እስከ ዋሽንግተን፦ የጉዞን ጊዜ አስልቶ ማወቅ

ርቀት፣ የበረራ ጊዜና የጉዞ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ከአዳማ ተነሥቶ ዋሽንግተን ለመግባት የሚያስብ ተጓዥ ሦስቱንም ለየብቻ ማስላት ይኖርበታል።

ርቀቱ የሚለካው ከቦሌ ነው። ከዚያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ያለው አጭሩ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህንን በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር አካፍሎ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢጨምሩበት 13 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይመጣል። ስሌቱ ለመመለሻው በረራ ይሠራል፤ ለመሄጃው ግን አይሠራም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህም ምክንያት አውሮፕላኑ ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሣት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ደብሊንና ሎሜ ለዚህ ካገለገሉት ከተሞች መካከል ናቸው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ሲሄዱ ይገታል፣ ሲመለሱ ያግዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ላይ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻም ሆነ መድረሻ በየከተማው የአካባቢ ሰዓት ስለሆነ፣ አንዱን ከሌላው ዝም ብሎ መቀነስ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ዋሽንግተን ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ከእኛ 7 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት ደግሞ 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ለምሳሌ በሐምሌ ወር ሰኞ 22:30 ተነሥቶ ማክሰኞ 08:00 ደለስ የሚደርስ በረራ ቢኖር፣ መድረሻው ላይ 7 ሲደመር በአዲስ አበባ 15:00 ስለሚሆን ጉዞው 16 ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ወደ ሀገራችን አቆጣጠር ለመመለስ 6 መቀነስ፣ ከ12 ከበለጠም እንደገና 12 መቀነስ ነው፤ ስለዚህ 22:30 ከምሽቱ 4:30 ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላሉት ሰዓታት ግን 6 ይደመራል። በተለይ «ማክሰኞ 01:00» የሚል ትኬት የያዘ ሰው መነሻው ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት መሆኑን ልብ ይበል፤ ማክሰኞ ማታ ቦሌ ቢደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል።

የቀረው የየብስ መንገዱ ነው። ለውጭ በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት መገኘት ስለሚመከር፣ ለምሽቱ 4:30 በረራ ቦሌ የሚደረሰው 1:30 ላይ ነው። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ጊዜ የሚበላው የፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ዳር ከሚያበቃበት ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለው የከተማው መጨናነቅ ነው። ከአዳማ ከቀኑ 11 ሰዓት መነሣት ይበጃል፤ እንዲያ ሲሆን ደለስ እስኪያርፉ 22 ሰዓት ይሞላል። የኢሚግሬሽን ሰልፍና የሻንጣ ጥበቃ ከዚህ ውጭ ስለሆነ፣ ለተቀባይ ዘመድ ከማረፊያው ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳልፎ መንገር ይሻላል።