ላባው ዘንጉን ሳይነካ ማጣበቂያ አይንካው

ሱሉልታ፣ ከቤቴ ጀርባ፣ ዒላማዬ የታሰረ ድርቆሽ ነው። ፍላጻ ጥሩ አድርጎ ያቆማል፤ ይሁን እንጂ በፍላጻው ጭራ በኩል የሚለጠፉትን ሦስት ላባዎች ክፉኛ ይፈትናል። ፍላጻው ጠልቆ ሲገባ ጠንካራው ሣር የላባውን የፊት ጫፍ ይፍቀዋል፤ በደንብ ያልያዘውን ነቅሎ ያስቀረዋል።

በጥቅምት ወር አንድ የጎረቤት ልጅ አሥራ ሁለት ፍላጻ ይዞ መጣ። የአምስቱ ላባ ተነቅሏል። «ጋሼ፣ ማጣበቂያው የውሸት ነው መሰለኝ» አለኝ። የተነቀለ ላባ ገልብጬ ሳይ፣ ማጣበቂያው በላባው እግር፣ ማለትም ዘንጉ ላይ በሚያርፈው ጠርዙ ላይ፣ እንደ መስታወት እያብረቀረቀ ደርቋል። ዘንጉን ጨርሶ አልነካውም።

ዕድሜዬን የገፋሁት በእንጨት ሥራ ነው። ሁለት ጣውላ ከመጣበቁ በፊት ገጥመን ወደ መስኮት አንስተን እናያለን፤ ብርሃን ካሳለፈ ወደ መላጊያው እንመለሳለን እንጂ ኮላ አንጨምርበትም። ላባም ከዚህ አይለይም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ግጠሙት። ፍላጻውን ላባ መለጠፊያው መሣሪያ ላይ አስቀምጡና ጭራው፣ ማለትም የደጋኑ ጅማት የሚገባበት ኖክ፣ እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጡ። ላባውን በመቆንጠጫው ያዙት፤ እግሩ ከመቆንጠጫው ከንፈር ትንሽ ወጣ ማለት አለበት። ከንፈሩ ቀድሞ ዘንጉን ከነካ ላባው መቼም አያርፍም። መቆንጠጫውን የመሣሪያው ማግኔት እስኪይዘው አስጠጉ፤ ከጀርባ የስልክ መብራት አብሩና ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከሁለቱም ጎን ተመልከቱ።

ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣ ካያችሁ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በአንዱ ጫፍ ብቻ ከሆነ በዚያው ጫፍ ያለውን ማስተካከያ ፈትታችሁ ላባውን ወደ ዘንጉ መካከል መልሱት። የእግሩ አንድ ጠርዝ በሙሉ ተንሳፍፎ እንደሆነ መቆንጠጫው ከመካከል ርቋል። ከሦስቱ ላባዎች በአንዱ ላይ ብቻ ከታየ ደግሞ ኖኩ ተጣሞ ወይም ዘንጉ ጎብጦ ይሆናል።

የልጁ ችግር ከእነዚህ የተለየ ነበር፤ መካከሉ ነክቶ ሁለቱም ጫፎች ተነሥተዋል። የማስመሪያ ጠርዝ በቧንቧ ላይ አግድም ሰያፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በመካከል ይነካል፣ ጫፎቹ ይንሳፈፋሉ። ቀጥ ያለ መቆንጠጫ ሰያፍ ሲደረግም የሚሆነው ይኸው ነው። ዘንጉ ሲቀጥንና ላባው ሲረዝም ይብሳል። ልጁ ፍላጻው በአየር ላይ በደንብ ይሽከርከር ብሎ ለ5 ሚሊ ሜትር ዘንግ ሰያፉን እጅግ አብዝቶታል። ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ስንመልሰው ብርሃኑ ጠፋ። የበለጠ ሽክርክሪት የሚፈልግ ሰው ከዘንጉ ጋር የሚጠመዘዝ መቆንጠጫ ወይም አጭር ላባ ይያዝ።

ከዚያ ጽዳት። የቆየውን ማጣበቂያ በደነዘዘ ቢላዋ በቀስታ ፋቁ፤ ዘንጉ የተሠራበትን የካርቦን ክር እንዳትነኩ አደራ። ዘንጉንም የላባውንም እግር በአልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ቅባትና ሽቶ ስላለባቸው ሽፋን ይተዋሉ።

ሱፐር ግሉው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይሁን። ሲበዛ ቶሎ አይደርቅም፣ አይጠናከርምም። የሚጠነክረው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የሱሉልታ አየር ደረቅ ሲሆን፣ ይዘገያል። እኔ በእርጥብ ፎጣ የተሸፈነ ሳህን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ መቆንጠጫውንም ከሌላ ጊዜ እጥፍ አቆየዋለሁ። ሦስቱም ካለቁ በኋላ በእያንዳንዱ ላባ ፊትና ኋላ አንዳንድ ጠብታ ጨምሩ። የፊቷን ጠብታ እንዳትረሱ፤ ድርቆሹ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

አሳድሩት። በማግሥቱ እያንዳንዱን ላባ በጣት ወደ ጎን ግፉት፤ እግሩ ከተነሣ ክፍተቱ ውስጥ ማጣበቂያ አታፍስሱ፣ ነቅላችሁ ከመብራቱ ጀምሩ። የተፋቀውን ዘንግ ደግሞ ከመወርወራችሁ በፊት በሁለት እጅ በቀስታ ለጠጥ አድርጉት። ሲንጣጣ ከሰማችሁ ሰብራችሁ ጣሉት፤ የተሰነጠቀ ካርቦን ከደጋኑ ሲወጣ እጅ ይወጋል። ከልጁ አሥራ ሁለት ፍላጻዎች አንዱን የጣልነው በዚሁ ምክንያት ነው።