ልጆች ይዞ ቫሌንሲያ

በሐምሌ ልጆች ይዛችሁ ወደ ስፔኗ ከተማ ቫሌንሲያ ከሄዳችሁ ባሕሩን ለጠዋት አድርጉት። ማልቫሮዛ የባሕር ዳርቻ ድረስ ትራም አለ። አሸዋው ሰፊ ነው፤ ረፋዱ ላይ ግን እግር ያቃጥላል። የእኔ ትንሿ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች፤ መሃል ላይ ስትደርስ ቆማ አለቀሰች። አዝያት ነው ውሃው ጋ የደረስነው። ነጠላ ጫማ እንዳትረሱ፣ አደራ!

ከሰዓት በኋላ ቱሪያ መናፈሻ ግቡ። በ1957 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ የቱሪያን ወንዝ በሌላ በኩል አዞሩት፤ የድሮው መውረጃ ዛሬ ዛፍና ሣር ነው። እዚያ የተጋደመው የልቦለዱ ሰው የጉሊቨር ግዙፍ ምስል፣ የልጆች መጫወቻ ነው፣ 70 ሜትር ይረዝማል። ልጆች በፀጉሩና በልብሱ ላይ እየተንሸራተቱ ይውላሉ፤ መግቢያው ነፃ ነው።

ፓኤያ የሚባለውን የሩዝ ምግብ በምሳ ሰዓት ብሉ። ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች እራት የሚጀምሩት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ቦርሳችሁ ውስጥ ዳቦና ሙዝ ያዙ።