ለስትራትፎርድ ፌስቲቫል ቀን አመራረጥ
ከቶሮንቶ በስተምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የካናዳዋ ስትራትፎርድ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሼክስፒርና በሌሎች ታላላቅ ጸሐፌ ተውኔቶች ሥራዎች የታወቀ ፌስቲቫል ታስተናግዳለች። ብዙ ጎብኚ አንድ ተውኔት መርጦ ትኬት ይቆርጥና በዚያው ማታ ይመለሳል። እኔ የምመክረው ግን ከተውኔቱ በፊት ቀኑን መምረጥ ነው።

ፌስቲቫሉ የሚሠራው በሬፐርቶሪ ስልት በመሆኑ፣ አንድ የተዋንያን ቡድን በአንድ ወቅት ውስጥ የተለያዩ ተውኔቶችን እያፈራረቀ ያሳያል፤ ትናንት ንጉሥ ሆኖ ያዩት ሰው ዛሬ አሽከር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ቴአትር ትልቁ ደስታ ያለው ይኸው ላይ ስለሆነ፣ የሁለት ተውኔቶችን የተዋንያን ዝርዝር ያስተያዩና ቢያንስ አንድ ተዋናይ በሁለቱም የሚጫወትባቸውን፣ በአንድ ቀን ወይም በተከታታይ ቀናት የሚታዩ ተውኔቶች ይያዙ። ሰኞ አብዛኛውን ጊዜ ትርኢት ስለማይኖር ጉዞዎን ከዚያ ያርቁ።

ሰዓቱን በአማርኛ ለሚቆጥር ሰው አንድ ወጥመድ አለ። የቀኑ ትርኢት በብዛት የሚጀምረው በፈረንጆቹ 2 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ 8 ሰዓት ነው፤ የማታው በፈረንጆቹ 8 ሰዓት ከሆነ ደግሞ በእኛ 2 ሰዓት ይሆናል። ለዘመድ በስልክ ሲቀጥሩ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የምትለዋን ቃል አይርሱ።

መቀመጫ የሚመረጠው እንደ አዳራሹ ነው። ዋናው የፌስቲቫል ቴአትር በድንኳን ተጀምሮ በ1957 እ.ኤ.አ. ቋሚ ሕንፃ ያገኘ ሲሆን፣ አዘጋጁ ታይሮን ገትሪና የመድረክ ንድፍ ባለሙያዋ ታንያ ሞይሴይዊች ያቀዱት መድረክ ወደ ተመልካቹ ገብቶ በሦስት ወገን ይከበባል። አዳራሹ ከ1,800 በላይ ሰው ቢይዝም ከመድረኩ ከ20 ሜትር እጅግም የሚርቅ መቀመጫ ስለሌለው፣ ለመሀል ወንበር ብዙ ገንዘብ ማውጣት አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ከጎን የተቀመጠ ሰው አልፎ አልፎ የተዋናይ ጀርባ ያያል እንጂ ብዙ አይጎድልበትም። ከፌስቲቫሉ አዳራሾች አንዱ በሆነው በኤቨን ቴአትር ግን መድረኩ እንደ አዲስ አበባው ብሔራዊ ቴአትር ከፊት ለፊት ብቻ የሚታይ በመሆኑ መሀሉን ይምረጡ።

የሼክስፒር እንግሊዝኛ ለአገሬውም ከባድ ነው። ሐምሌት ወይም ኦቴሎ በመርሐ ግብሩ ካለ፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ትርጉም አስቀድሞ ማንበብ ከማናቸውም ማብራሪያ ይበልጣል፤ አዳራሽ ከገቡ በኋላ ግን ቃል በቃል ለመተርጎም መታገሉን ትተው ተዋንያኑን ይከተሉ።

መኪና ለሌለው ሰው በፌስቲቫሉ ወቅት ከቶሮንቶ የሚነሣ አውቶቡስ አለ። የማታውንም የሚያዩ ከሆነ ግን ማደሪያ፣ በተለይ ለቅዳሜ፣ ቀደም ብለው ይያዙ። በሁለቱ ትርኢቶች መካከል ባለው ጊዜ፣ ሠራተኞቹ የቀኑን የመድረክ ግንባታ አንሥተው የማታውን ሲያቆሙ፣ ምሳ ዕቃዎን ይዘው ዝይ መሳይ ነጫጭ ወፎች በሚዋኙበት በኤቨን ወንዝ ዳር መቀመጥ ይችላሉ። በፌስቲቫል ቴአትር ደጃፍ መለከት ሲነፋ ከሰሙ ይነሡ፤ አርፍዶ የደረሰ ሰው ተስማሚ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ውጭ ይጠብቃል።