ትንበያን በአግባቡ እንዴት መጠራጠር ይቻላል? ከነገው አውሎ ነፋስ እስከ መቶ ዓመቱ ሙቀት

«የነገውን ዝናብ በቅጡ የማያውቁ ሰዎች ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሙቀት ሊነግሩን?» ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው የሞኝ አይደለም። እኔም ስልኬ «ፀሐያማ» ብሎኝ ጃንጥላ ሳልይዝ በወጣሁባቸው ቀናት ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ግን መጠራጠርም ሙያ ይፈልጋል። በደፈናው «ውሸታሞች ናቸው» ማለትና የተባለውን መርምሮ «እዚህ ላይ አላምንህም» ማለት ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

1. የተባለውን እንደተባለ ጻፉ

አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው ገና እዚህ ነው። «ትንበያው ከሸፈ» የምንለው ብዙ ጊዜ ማንም ያላለውን ነገር ይዘን ነው። ስለዚህ ወረቀት አውጡና አራት ነገር ጻፉ። ማን አለው? መቼ አለው? ስለየትኛው ቦታና ቀን ነው? ስንት በመቶ፣ ወይም ከስንት እስከ ስንት አለ?

ኦገስት 2004 ቻርሊ የተባለው ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወደ ፍሎሪዳ ሲገሰግስ የሆነውን ተመልከቱ። ካርታው ላይ መሃል ለመሃል የተሰመረችው መስመር ወደ ታምፓ አካባቢ ታመለክት ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑን መስመሯ ላይ ተከለ። ሃሪኬኑ ግን ቀደም ብሎ ታጠፈና ፑንታ ጎርዳ የምትባለውን ከተማ መታ። ብዙ ሰው አልጠበቅንም አለ። ፑንታ ጎርዳ ግን በመስመሯ ዙሪያ የተሣለው ሾጣጣ ክልል ውስጥ ነበረች፤ ማስጠንቀቂያም ወጥቶላት ነበር። ሰዎቹ ያነበቡት መስመሯን ብቻ ነው።

ያ ሾጣጣ ምን እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል የሾጣጣውን ስፋት የሚወስነው ራሱ ባለፉት አምስት ዓመታት ምን ያህል እንደሳተ አስልቶ ነው። የሃሪኬኑ መሃል ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ክልሉ ውስጥ ይቆያል። ከሦስት አንዴ ያህል ይወጣል ማለት ነው፤ ያም ከመጀመሪያው የተነገረ ነው። ሾጣጣው የሃሪኬኑን ትልቀት አያሳይም። ንፋሱም ጎርፉም ከክልሉ ውጭ ብዙ ርቀት ሊደርስ ይችላል።

2. የቀኑን ርቀት ቁጠሩ

በ1961 የሜትሮሎጂ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ አንድ የድሮ ስሌት መድገም ፈለገ። ቁጥሮቹን ከታተመው ወረቀት ላይ ገልብጦ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባና ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ አዲሱ ስሌት ከድሮው ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም። ማሽኑ ተበላሽቶ አልነበረም። ኮምፒውተሩ በውስጡ የያዘው 0.506127 ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን 0.506 ነው። ያቺ ቅንጣት ልዩነት እያደገች ሄዳ ሙሉውን አየር ለወጠችው።

ከባቢ አየርም እንዲሁ ነው። የዛሬውን ንፋስና ሙቀት ፍጹም አድርጎ የለካ የለም። ትንሿ ስህተት በየቀኑ ትፋፋለች፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን የዕለት ትንበያው ከግምት ብዙም አይሻልም። ሳተላይትና ኮምፒውተር እየተሻሻሉ ሲመጡ በየአሥር ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ተገኝቷል። የዛሬ የአምስት ቀን ትንበያ የሃያ ዓመት በፊቱን የሦስት ቀን ያህል ይታመናል።

እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የምጠቀመው። እስከ ሦስት ቀን ያለውን ይዤ አቅዳለሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ዕቅዴን ሊቀየር በሚችል መልኩ እይዛለሁ። ከሰባት እስከ አሥር ያለውን ለአዝማሚያ ብቻ አየዋለሁ። ስልክ ላይ «ከ13 ቀን በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት ዝናብ» የምትለዋን ምልክት ግን እንደ ጌጥ ቁጠሯት።

ሌላም ልዩነት አለ። አውሎ ነፋሱ የት እንደሚሄድ መተንበይ በጣም ተሻሽሏል፤ ምን ያህል እንደሚበረታ መተንበይ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ኦክቶበር 2023 ኦቲስ የተባለው በአንድ ቀን ውስጥ ከደካማ አውሎ ነፋስነት ተነስቶ ምድብ 5 (በንፋስ ፍጥነት ከሚሰጡት ምድቦች የመጨረሻው) ሃሪኬን ሆነና የሜክሲኮዋን አካፑልኮ ደበደበ። ሞዴሎቹ (አየሩን የሚያሰሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) አላዩትም። ተጠራጣሪ ይህን ቢያነሳ ልክ ነው።

3. አንዱን ካርታ ሳይሆን ጥቅሉን እዩ

ተንባዮች አንድ ስሌት ብቻ አይሠሩም። መነሻ ቁጥሮቹን በትንሽ በትንሹ እየነካኩ ደጋግመው ያሰሉታል፤ የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል 51 ጊዜ። ሁሉም መስመሮች ተጠጋግተው ከሄዱ እርግጠኝነቱ ከፍ ያለ ነው። እንደተበተነ ክር ከተለያዩ ገና ምንም አልታወቀም። በ2012 ሃሪኬን ሳንዲን የአውሮፓው ሞዴል ሳምንት ያህል ቀድሞ ወደ አሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ሲያዞራት፣ የአሜሪካው ሞዴል ለቀናት ወደ ባሕር ሲልካት ነበር። ሳንዲ ዞረች። ታዲያ አሥር ቀን ቀድሞ አንዲት አስፈሪ ካርታ ነጥሎ የሚለጥፍ ሰው ስታዩ እለፉት።

4. ደብተር ያዙ

ይህችን ደረጃ አትዝለሏት። ጠዋት «የመዝነብ ዕድል 30 በመቶ» ካለ ጻፉት፤ ማታ ዘነበ ወይም አልዘነበም ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሁለት ወር ቆዩ። ከዚያ 30 በመቶ የተባለባቸውን ቀናት ለብቻ ቁጠሩ። 20 ቀን ቢሆኑና ስድስቱ ላይ ዘንቦ ቢሆን ተንባያችሁ ልኩን ነው የነገራችሁ። ከ20ው 14ቱ ላይ ዘንቦ ከሆነ ሌላ ምንጭ ፈልጉ። 80 በመቶ እያለ ሁሌም የሚዘንብ ከሆነም ልክ አይደለም። ከአምስት አንዴ መሳት ነበረበት!

እኔ ስሞክረው ከትንበያው ይልቅ የገረመኝ የራሴ ጭንቅላት ነው። የሳተባቸውን ቀናት አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ የበሰበሰውን ጫማዬን ሳይቀር። የመታባቸውን ግን ደብተሩ ባይነግረኝ አንዱም ትዝ አይለኝም ነበር።

5. የአየር ሁኔታንና የአየር ንብረትን ለዩ

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ። ወንዝ ላይ ገለባ ጣሉ። አምስተኛው ድንጋይ ጋ ሲደርስ በግራ ይለፍ በቀኝ ማንም አይነግራችሁም። ከላይ ግን ውሃ እየተጨመረ ከሆነ ወንዙ እንደሚሞላ መናገር ይቻላል። የዕለት ትንበያ ገለባውን ይከተላል፤ የአየር ንብረት ትንበያ የወንዙን ከፍታ ይለካል። የገለባው መጥፋት ስለ ከፍታው የሚያስረዳ ነገር የለውም።

በመካከል ያለው የወቅት ትንበያ ነው፣ እሱ ደግሞ እውነትም ደካማ ነው። በ2005 የአሜሪካ መንግሥት ተንባዮች ለአትላንቲክ ከ12 እስከ 15 ስም የሚሰጣቸው አውሎ ነፋሶች ብለው 28 መጡ። በ2013 ከ7 እስከ 11 ሃሪኬን ብለው ሁለት ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ ለመጠራጠር ፈቃድ አያስፈልግም።

6. የአየር ንብረት ትንበያን በአሮጌዎቹ ፈትኑ

እስከ 2100 ቆይቶ ማየት አይቻልም። ግን ከእኛ በፊት የተተነበየና ቀኑ የደረሰ ብዙ አለ። በ1967 ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ የተባሉ ሳይንቲስቶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ከ2 ዲግሪ በላይ እንደምትሞቅ አሰሉ። ይበልጥ የሚጥመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ የታችኛው አየር ሲሞቅ ከላይ ያለው ስትራቶስፌር ይቀዘቅዛል አሉ። ጥፋተኛዋ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ከላይም ከታችም መሞቅ ነበረበት። በኋላ ሲለካ እንዳሉት ሆነ። ማናቤ በ2021 ኖቤል ተሸለመ።

በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ከ1970 እስከ 2007 የታተሙ 17 ትንበያዎችን ከተለካው ሙቀት ጋር አስተያየ። አሥሩ ከልኬቱ ጋር ገጠሙ። ሰው በእርግጥ የለቀቀው የጋዝ መጠን ሲታረምላቸው 14 ሆኑ። ይህ እርማት ማጭበርበር አይደለም። የአየር ንብረት ትንበያ «ይህን ያህል ከተለቀቀ ይህን ያህል ይሞቃል» ነው የሚለው። ስንት እንደምንለቅ የሚወስነው ፖለቲካና ገበያ ነው፤ ፊዚክሱን በዚያ መክሰስ አይሆንም።

በሁለት ቢላ ግን አትብሉ፤ የሳተውንም ጻፉ። በ2007 የወጣው የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ጉባኤ (IPCC) ሪፖርት የሂማላያ ግግር በረዶ በ2035 የመጥፋት ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ይዞ ወጣ። ስህተት ነበር፣ በ2010 ታመነ። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎርም በ2009 የሰሜን ዋልታ በረዶ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ በበጋ ሙሉ በሙሉ የማለቅ ዕድሉ 75 በመቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። በረዶው በጣም ቀነሰ እንጂ አላለቀም። ሁለቱም ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ቁጥሩ የመጣው ከብዙ ሞዴል ጥቅል ሳይሆን ተነጥሎ ከወጣ አንድ ምንጭ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያልናት ነጠላ ካርታ እዚህም አለች።

7. ሙቀትና አውሎ ነፋስ አንድ ላይ ሲጠሩ ጠንቀቅ በሉ

«ምድር ስለሞቀች የሃሪኬን ቁጥር ይበዛል» ሲባል ሰምታችኋል። ከላይ የጠቀስነው ጉባኤ የቅርብ ሪፖርት እንዲያ አይልም። ጠቅላላ ቁጥሩ ላይጨምር፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል ነው የሚለው። የሚበዛው የኃይለኞቹ ድርሻ ነው። ዝናቡም ይከብዳል፤ አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል። በሌላ በኩል ከ2005 መጨረሻ እስከ ኦገስት 2017 አሜሪካን ምድብ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሃሪኬን አልመታትም ነበር፤ ብዙ ተጠራጣሪ ይህን ይዞ ጮኸ። አንድ አገር ዳርቻ ላይ የተገኘ ዕድል ግን የዓለም ልኬት አይደለም። ከዚያ ሃርቪ መጣና ቴክሳስ ላይ በአንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። እሱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

8. ጥርጣሬውን የት እንደምታቆሙ ቀድማችሁ ወስኑ

የምድብ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ንፋስ ብቻ ነው። ሃሪኬን ፍሎረንስ በ2018 የብስ ስትረግጥ ምድብ 1 ነበረች፤ ጎርፏ ግን ሰሜን ካሮላይናን አጥለቀለቀ። ስለዚህ «ምድቡ ስንት ነው?» ሳይሆን «ውሃው እኔ ያለሁበት ይደርሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ1999 የሕንዷን ኦዲሻ ሳይክሎን (በዚያ በኩል ሃሪኬን የሚጠራበት ስም ነው) መትቷት 10,000 ያህል ሰው ሞተ። በ2013 ፋይሊን የተባለ ሌላ ኃይለኛ ሳይክሎን ሲመጣ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጣ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ከቤቱ ተነሳ፣ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሆኑ። ካልተነሱት መሃል የተጠራጠረ ሳይኖር አይቀርም።

ውጡ የሚለው ትእዛዝ ከመጣ መታወቂያ፣ መድኃኒትና የስልክ ቻርጀር ያዙና ሂዱ። ደብተሩንም አትርሱ። መታ ወይስ ሳተ የሚለውን መጠለያ ሆናችሁ ትሞሉታላችሁ።